ለድፎ የተነጠፉ መጻሕፍት

ይህን ነገር ተረጋግቼ እጽፈዋለሁ እያልኩ ብዙ ጊዜ አቆየሁት። አልተረጋጋሁም። እንዲያውም በሰው ፊት «ያለፈ ነገር ነው» ባልኩ ቁጥር ውስጤ ይብስበታል። ስለዚህ እንደተቆጣሁ እጽፈዋለሁ፤ የሚያነበው ሰው ከፈለገ እሱ ይረጋጋ።

የዳቦና የኬክ አሠራር መጻሕፍት እሰበስብ ነበር። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ይህን ለሰው መንገር ቀላል አይደለም። ሰው መጀመሪያ ይስቃል። ቀጥሎ «ዩቲዩብ እያለልሽ?» ይላል። ከዚያ ደግሞ ለልጁ ልደት፣ ለምርቃቱ ወይም ለዒዱ ኬክ የጋገርኩለት ሰው ሆኖ ሳለ «አንቺ ደግሞ ምን መጽሐፍ ያስፈልግሻል፣ እጅሽ ያውቀው የለም?» ይለኛል። እንዲህ ሲል ያመሰገነኝ ይመስለዋል። ይህችን ምስጋና እጠላታለሁ። ቄሱን «ዳዊቱን በቃልዎ ያውቁት የለም፣ መጽሐፉን ምን ያደርጉለታል?» የሚላቸው ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

የመጀመሪያዋ ቀጭን የአማርኛ መጽሐፍ ነበረች። አዲስ አበባ ለአጭር ሥልጠና ሄጄ፣ አስፋልት ዳር ሸራ ላይ ከተዘረጉ አሮጌ መጻሕፍት መካከል ነው ያነሳኋት። ሽፋን የላትም፣ መግቢያም የላትም፤ ከመሃል ተነስታ እጅሽን ሳትታጠቢ ሊጥ አትንኪ ብላ ትጀምራለች። ጸሐፊዋ ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ቁጡ ሴት እንደነበረች ግን አውቃለሁ። በየገጹ ትገሥጻለች። ዱቄቱን ሳትነፊ አትጀምሪ፣ ምድጃውን ቶሎ ቶሎ እየከፈትሽ አታብርጂው፣ ከሰው ጋር ተጣልተሽ ኬክ አትጋግሪ ትላለች። እናቴ ካረፈች በኋላ እንደዚያ የሚቆጣኝ ሰው ስላልነበረኝ ወዲያው ወደድኳት።

ሁለተኛውን ያመጣልኝ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚነዳው ታናሽ ወንድሜ ነው። ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ ወፍራም፣ በፈረንሳይኛ የተጻፈ ነበር። «ምን እንደሚል አላውቅም፣ ግን ዳቦ በዳቦ ነው» ብሎ ከጋቢናው አውጥቶ ሰጠኝ። እኔም ፈረንሳይኛ አላውቅም፤ ሥዕሉን ነው የማነበው። እንደ ግማሽ ጨረቃ የተጠቀለለ፣ በቅቤ እየታጠፈ የሚሠራ ዳቦ አለበት፤ ገጹ ሲገለጥ ቅርፊቱ የሚፈረፈር ይመስላል። አንድ ቀን ሥዕሉን ብቻ እያየሁ በሚያዝያ ሐሩር ሞከርኩት። ቅቤው ከሊጡ መሃል ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ ጉንዳን ቤቴን ወረረው። መጽሐፉን ግን አልጠላሁትም፣ ጥፋቱ የሱ ሳይሆን የሚያዝያ ነበር።

ነጭ ሽፋን ያለው እንግሊዝኛው ደግሞ ባላንጣዬ ነበር። «ሊጡን በቤቱ ሙቀት ለሁለት ሰዓት ያቆዩት» ይላል። የየትኛው ቤት ሙቀት? እኔ ቤት ለሁለት ሰዓት የቆየ ሊጥ ከሳፋው ወጥቶ ደጅ ይቀበለኛል። እርሳስ ይዤ ከጎኑ «በእኛ ቤት ግማሽ ሰዓት፤ በሚያዝያ ደግሞ ዓይንሽን እንዳትነቅዪ» ብዬ ጻፍኩ። ፖም ባለበት ሁሉ «ማንጎ» ብዬ አስተካከልኩ። እንዲህ እየተከራከርን ብዙ ዓመት አብረን ኖረናል፤ አንዳንዴ እሱ ትክክል ሲሆን ያናድደኝ ነበር።

የዓረብኛው የመጣው በጎረቤቴ በኩል ነው። ቤቷ ከጓሯችን አጥር ማዶ ነው፤ ጅዳ ብዙ ዓመት ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት። ፊደሉን በልጅነቷ ቁርኣን ስትቀራ ተምራዋለች፣ የወጥ ቤቱን ቃል ደግሞ ከአሠሪዎቿ ማድቤት። እሷ ጣቷን እያስኬደች ታነባለች፣ ወደ አማርኛ ትመልሳለች፣ እኔ እሰፍራለሁ። ተምር በሆዱ ያለውን ብስኩት ለዒድ አብረን ነው የምንጋግረው። ሽፋኑ ሲላቀቅብኝ ያለፈ ዓመት ካላንደር ገልብጬ በነጭ በኩል አለበስኩት። ሌሎችም ነበሩ፤ ሁሉንም ብዘረዝር እንባዬ ስለሚመጣ እዚህ ላይ ልተወው።

መጻሕፍቱን የምሰበስበው ለመጋገር ብቻ ቢሆን ኖሮ አንዱ ይበቃኝ ነበር። እኔ የማነባቸው ሌላው ሰው ልብ ወለድ እንደሚያነበው ነው። ከምሳ በኋላ፣ ከተማው ግሎ ባጃጆቹ እንኳ ጥላ ፈልገው ሲቆሙ፣ በስስ ቀሚስ ወለሉ ላይ እቀመጣለሁ። በረዶ በሚወርድበት አገር ያለች ሴት ከምድጃዋ አጠገብ ብርድ ልብስ ደርባ ሊጥ እስኪነሳ ቀኑን ሙሉ ስትጠብቅ አነባለሁ። ላቤን እየጠረግሁ በሷ ብርድ እቀዘቅዛለሁ። በሕይወቴ የማልጋግረውን ዳቦ ሽታውን ሳላውቀው እወደዋለሁ። የኔ የምለው ሰዓት ይኸው ብቻ ነበር፤ የቀረው ሰዓት የቤቱ፣ የልጆቹና የሰው ኬክ ነው።

የሚቀመጡት ሳሎን ካለው ቡፌ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ከጎናቸው ባለቤቴ ኮሌጅ የተማረባቸው የሒሳብ አያያዝ መጻሕፍት አሉ። ከተመረቀ ወዲህ አንዱንም ሲከፍት አይቼው አላውቅም። እንግዳ ሲመጣ ግን ዓይኑ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው፤ «የተማረ ሰው ቤት» ይባልልናል።

የባለቤቴ የመጨረሻ ወንድም ሊያገባ ሆነ። አማቶቼ በሕይወት ስለሌሉ ሰርጉ እኛ ቤት ተደገሰ። ድግሱን የሚመሩት የባለቤቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ጀውሃ መንገድ ዳር ምግብ ቤት አላቸው፣ ሾፌር ሁሉ ያውቃቸዋል። እኔ «እትዬ» ነው የምላቸው፣ አንቱም ነው የምላቸው፤ እንደ እናት አሳድገውታልና ባለቤቴ ፊታቸው ሲቆም ዛሬም ልጅ ይሆናል። ሥራ ያውቃሉ፣ ይህን አልክድባቸውም። ሥራ የማያውቅ ዕቃ ቤት ውስጥ ማየት ደግሞ አይወዱም። እሳቸው ዘንድ ወረቀት ሥራ አይፈታም፤ ዘይት ይመጠጥበታል፣ እሳት ይቀጣጠልበታል፣ ቆሎ ይጠቀለልበታል።

ኬኩ የኔ ድርሻ ሆነ። ሙሽራዋ የቀወት ገጠር ልጅ ናት። ሽማግሌ የተላከ ሰሞን ቤታችን መጥታ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «ኬክ ቆርጬ አላውቅም፣ እንዴት ነው ቢላው የሚያዘው?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ስለዚህ እንዲያምር ፈልጌ ነበር። እኛ ከተማ የሚገኘው ክሬም ከሱቅ ቤቴ እስኪደርስ ስለማይጸናልኝ፣ ከሰርጉ በፊት ደብረ ብርሃን ወጥቼ፣ ዘመድ ቤት አድሬ፣ ክሬሙንና ገበታ ቅቤውን ገዛሁ። በረዶ በሆኑ የውሃ ላስቲኮች መሃል ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነው የወረድኩት። ደብረ ሲናን ካለፍን በኋላ ሰው ሁሉ ጋቢውንና ሹራቡን ሲያወልቅ እኔ ሹራቤን ለክሬሙ አለበስኩት። ለእነሱ ሰርግ ነው እንዲህ የሆንኩት፤ ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ።

ስደርስ ዳሱ ቆሟል፣ ግቢው ውስጥ ድፎ ዳቦ ይጋገራል። የሰርግ ድፎ እንደምታውቁት ከላይም ከታችም እሳት ነው፤ ሊጡ በቅጠል ተሸፍኖ ትልልቅ ብረት ምጣድ ላይ ይደፋል፣ ከላይ ላሜራ ይከደንና ፍም ይጫንበታል። ደጋው በኮባ ይጋግራል፣ እኛ በሙዝ ቅጠል ነው። ጎረቤቴም ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ትረዳለች። ሥጋው የእኛና የእነሱ ተለይቶ ቢታረድም ዳቦው የጋራ ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም እንግዳ ከአንድ ድፎ ይቆርሳል። ስታየኝ ሰላም አላለችኝም። ፊቷን ወደ እሳቱ አዞረች፤ ያን ጊዜ ጭሱ መሰለኝ።

አንዱ ድፎ ወጥቶ ሰፌድ ላይ ተገለበጠ። ከሥር ያለው ቅጠል ሲላጥ ከቅጠሉ ጋር ወረቀት አብሮ ተላጠ። ግማሹ አልላጥ ብሎ ዳቦው ላይ ቀረ። ጠጋ ብዬ አየሁ። ዳቦው ሥር ላይ ግማሽ ጨረቃ ታትሟል። የፈረንሳዩ ዳቦ፣ በቅቤ የሚታጠፈው፣ ቅርፊቱ የሚፈረፈረው፣ ከነወርቃማ ቀለሙ በእኛ ድፎ ሥር ተገልብጦ ተጣብቋል። ወደ ሌላው ዞርኩ። እሱ ላይ ሥዕል የለም፤ የእንግሊዝኛ መስመርና ከጎኑ በእርሳስ የተጻፈ የኔ እጅ ጽሑፍ ነበር፣ እሳት አጠይሞት። ሴቶቹ በቢላ ጫፍ እየፋቁ ያነሱታል።

ዳሱ ውስጥ ወንበር ሲደረድሩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ብቅ ብለው አዩና «ዛሬስ ፊደል የቆጠረ ዳቦ ልንበላ ነው» አሉ። ግቢው በሳቅ አውካካ። የያዝኩትን ክሬም መሬት አስቀመጥኩት።

«እትዬ፣ ይሄ ወረቀት ከየት መጣ?» አልኳቸው።

«ቅጠሉን ነፋስ ተርትሮታል እኮ። ሊጡ በቀዳዳው እየሾለከ እሳቱን ሊያጠፋብን ሲል ከሥሩ አነጠፍንበት» አሉ፤ እጃቸውን ከሊጥ ሳያወጡ። «ደህና ወፍራም ወረቀት ነው፣ አየሽ፣ አልተቃጠለም።»

«መጽሐፌ እኮ ነው።»

«የምግቡ ነው፣ አዎ። ለዳቦ የተጻፈ ለዳቦ ዋለ፣ ምን ክፋት አለው?»

ሴቶቹ ሳቁ። እትዬ ራሳቸው አልሳቁም፤ የምር ነበር የሚናገሩት።

«ሳይጠይቁኝ?»

«የት አግኝቼሽ ልጠይቅሽ? ደግሞ አንቺ በቃልሽ የምታውቂውን። ሰርግ እኮ ነው ልጄ፣ ለሰርግ ስንት ነገር ይሰዋል።»

ላንባርቅባቸው ፈለግሁ። በአንቱ እንዴት እንደሚንባረቅ ግን ማንም አላስተማረኝም። «እንዴት እንዲህ ያደርጋሉ፣ እንዴት አስቻለዎት» እያልኩ ቆምኩ። ቃሉ ሁሉ ከአፌ ሲወጣ እጅ እየነሳ ይወጣል፤ ሰው የሚያየው ምራት ስትለማመጥ ነው። እሳቸውም «በይ ክሬሙ ሳይቀልጥ ግቢ» ብለው ወደ ሊጣቸው ተመለሱ።

ወደ ሳሎን ገባሁ። ቡፌው ተወልውሎ የሰርግ ብርጭቆ ተደርድሮበታል። ጎረቤቴ ተከትላኝ ገባች።

«ወላሂ ተናግሬያለሁ» አለች። «መጽሐፎቿ ናቸው፣ ትቆጣለች አልኳቸው። ማን ሊሰማኝ፣ በሰው ቤት ድግስ እንግዳ ነኝ።»

«ሁሉም ሄዱ?»

ወደ መኝታ ቤት ወሰደችኝ። አልጋው ላይ የባለቤቴ የሒሳብ አያያዝ መጻሕፍት አሉ። አንድም አልጎደለም። አቧራቸው ተጠርጎ፣ በመጠን በመጠናቸው ተደርድረው፣ ዳቦ የሚጋግር ሰው እንዳይነካቸው በአንሶላ ተሸፍነዋል። ከዚያ ጎረቤቴ ቁም ሳጥኑን አሳየችኝ። አናቱ ላይ በታጠበ ነጭ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር አለ። አውርዳ ፈታችው። የዓረብኛው ነው፤ የካላንደር ሽፋኑን እንደለበሰ፣ አንድ ገጽ እንኳ ሳይታጠፍ።

«እትዬ ናቸው ያስቀመጡት» አለችኝ። «ፊደሉን ሲያዩ ደነገጡ። የሰው ሃይማኖት ነው፣ ማንም እጁን እንዳያሳርፍበት ብለው ሳሙትና በነጠላቸው ጠቀለሉት። ብስኩት ነው ብዬ ልነግራቸው ነበር። ብነግራቸው እሳት ውስጥ ይገባል ብዬ አፌን ዘጋሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።»

አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች፣ እኔም አብሬያት ሳቅኩ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ንዴቴ ቅድም ከነበረበት በልጦ ጠበቀኝ። ምክንያቱም ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። እትዬ መጽሐፍ የማያከብሩ ሰው አይደሉም። ወረቀት ሲቸግራቸው አንድ በአንድ ለይተዋል። የወንድ የትምህርት መጽሐፍ፣ መጽሐፍ ነው፣ ይሸፈን። የማይነበብ የሃይማኖት መጽሐፍ፣ መጽሐፍ ነው፣ ይሳም። በእርሳስ የጻፍኩባቸው፣ በቅቤ ጣቴ የገለጥኳቸው፣ ዓመታት ያነበብኳቸው ደግሞ ወረቀት ናቸው። ለእኔ የቀረልኝም ያለ ሰው እርዳታ ላነበው የማልችለው አንዱ ብቻ ሆነ።

«እትዬ ግን አጭር ናቸው» አልኳት። «የላይኛው መደርደሪያ ላይ እንዴት ደረሱ?»

ጎረቤቴ መጽሐፉን መልሳ መጠቅለል ጀመረች። መመለስ እንደማትፈልግ ገባኝና ነጠላውን ያዝኩባት።

«ባልሽ ነው ያወረደላቸው» አለች በመጨረሻ። «ወፍራም ወረቀት ሲሉት የሱን ወደ አልጋው ወስዶ ያንቺን አቀበላቸው።»

ክሬሙን አውጥቼ ለውሻ ልደፋው አስቤ ነበር። እውነቴን ነው፣ በእጄ ይዤው እስከ ጓሮ በር ሄጃለሁ። የመለሰኝ የሙሽራዋ ሐሳብ ነው። ቢላ አያያዝ የጠየቀችኝ ልጅ ምን በደለችኝ? ቁጡዋ ጸሐፊዬ ከሰው ጋር ተጣልተሽ አትጋግሪ ትል ነበር። የሷ ምክር ያለበት ገጽ አመድ ስለሆነ እንደተጣላሁ ጋገርኩ። መስፈሪያ አላነሳሁም፣ አላቆምኩም፣ ማንንም አላናገርኩም። እጄ ከእንቁላል ወደ ዱቄት፣ ከዱቄት ወደ ቅቤ ይሄዳል። መብራት እንኳ እንደ ጸባዩ አልጠፋም።

ኬኩ አማረ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በሕይወቴ ከጋገርኳቸው ሁሉ ቀጥ ያለው፣ የለሰለሰው፣ ክሬሙ ያልላበው እሱ ነው። ሙሽራዋ ቢላውን እንዳስተማርኳት ይዛ ቆረጠች፣ እልል ተባለ። ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ ካሜራውን ወደኔ ሲያዞር እትዬ ትከሻዬን አቅፈው «አላልኩም? ሁሉም በጭንቅላቷ ነው ያለው!» አሉ። ባለቤቴም ከጎናቸው ቆሞ፣ በኔ ኮርቶ፣ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ቪዲዮው ላይ እኔም ፈገግ ብያለሁ። ሊያየው የፈለገ ሰው ቢመጣ አልከለክልም፣ እኔ ግን አላየውም።

ድፎውንም ሰው በላው። ወረቀቱ የተጣበቀበት በኩል ተፍቆ፣ ተቆርሶ፣ በየሳህኑ ሄደ። ማንም አልታመመም። እትዬ ይህን ሁለት ሦስቴ አንስተውልኛል።

ዳሱ ፈርሶ፣ የተዋስነው ድስትና ወንበር ሁሉ ለየባለቤቱ ተመልሶ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ከሰዓት በኋላ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እጄ ላይ ምንም አልነበረም። ባለቤቴ ሥራ ውሎ ሲገባ እዚያው አገኘኝ። እሱ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ጫማውን አወለቀ፣ ከሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያን ያህል መሆኑን አላወቅኩም ነበር» አለኝ።

«ምን ያህል መሰለህ?»

«እንጃ። የምግብ አሠራር ነው፣ ታውቀዋለች ብዬ ነው። ሥራም አጣድፎናል፣ እትዬም ቸኩለዋል። ተሳስቻለሁ በቃ። አዲስ አበባ ስሄድ ገዝቼልሽ እመጣለሁ።»

«የትኛውን?»

ቀና ብሎ አየኝ። ጥያቄዬ ተንኮል አልነበረበትም፣ እግዚአብሔር ይመስክርልኝ። እንዲመልስልኝ ነበር የፈለግሁት። ከተጋባን ጀምሮ በየቀኑ በፊታቸው አልፏል። ከሁሉም በልቷል። የማንጎውን ኬክ «ይሄ ከየትኛው ነው?» ብሎ ባይጠይቅም ሁለቴ አስጨምሯል። ወንድሜ ሰማያዊውን ይዞ የመጣ ቀን ምሳ አብረን ነው የበላነው። ሽፋን የሌላትን ቁጡዋን ስንት ጊዜ እያነበብኩ ስስቅ «ምን ያስቅሻል?» ብሎኛል፣ ነግሬዋለሁም። አንዱን ብቻ ቢጠራልኝ፣ ወይም ቀለሙን ቢነግረኝ፣ ወይም «ያ ወፍራሙ» ቢለኝ እንኳ ያን ጊዜውኑ ይቅር እለው ነበር። አሁንም ይቅር እለው ነበር።

ብርጭቆ የተደረደረበትን ቡፌ እያየ ብዙ አሰበ።

«የዳቦውን» አለኝ።

ሁሉም የዳቦ ነበሩ።